ኵርዓተ ርእሱና የባሕር ማዶ ኅትመት

በሰሙነ ሕማማት በየካና በእንጦጦ ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚሰግድ ምእመን ቀና ባለ ቁጥር ዐይኑ የሚያርፍበት አንድ ሥዕል አለ። ጌታ ከወገቡ በላይ ይታያል፤ የእሾህ አክሊል ደፍቷል፤ ደሙ ከግንባሩ ይንጠባጠባል፤ ብዙ ጊዜም በግራና በቀኝ የቆሙ ሁለት ሰዎች አክሊሉን በዱላ ወደ ራሱ ይቀጠቅጡታል። ሥዕሉ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል፤ ራሱን በዘንግ የተመታበትን ከ13ቱ ሕማማተ መስቀል አንዱን ያስባል። ለለመደው ዐይን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ አብሮን የኖረ ይመስላል። የታሪክ ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። የዚህ ሥዕል አባት የሚሆነው ሥራ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ማርቲን ሉተር በጀርመን በተነሣበት ትውልድ፣ በአውሮፓዊ ሠዓሊ እጅ ነው። ከዚያ ተከትለው የመጡት የስቅለት፣ የግርፋትና የግንዘት ሥዕሎችም ብዙዎቹ መነሻቸው በሮምና በአንትወርፐን ማተሚያ ቤቶች የወጡ መጻሕፍት ናቸው። ይህ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠዓሊ የባሕር ማዶውን ኅትመት እንዳለ አልገለበጠውም፤ እያረመ ነው የተቀበለው። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የታተመ ሥዕል መመዘን ያለብንም በዚሁ በእርማቱ ነው እንጂ በመጣበት አገር አይደለም። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት እኛ ጋ ምን እንደነበረ ማየት ይገባል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበረውና በ1280 ገደማ የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ስቅለቱን ይስላል፤ የተሰቀለውን ግን አይስልም። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ ተሰቅለዋል፤ የመካከለኛው መስቀል ባዶ ነው፤ ከላዩ በግ ተስሏል። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ሌሎች ወንጌሎችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ምንጩን በጥንታዊት ኢየሩሳሌም፣ ተሳላሚዎች ይዘዋቸው በሚመለሱ በረከቶች ላይ ይቀረጽ ከነበረው ምስል ጋር ያገናኙታል። ከኮተቤ በላይ ባለው ተራራ ከአለት የተፈለፈለው የየካ ዋሻ ሚካኤልም ከዚያ የቀድሞ ዓለም የቀረልን ነው። አፈ ታሪኩ ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል፤ ሊቃውንቱ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። ጣሪያው ተነሥቶ ሰማይ ከሚታይበት ከዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚገባ ሰው ዓምድና መስኮት፣ የተጠረበ አለት ያያል እንጂ የተገረፈ አካል አያይም። ይህ ማለት ሕማሙ አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። አቡነ ሰላማ መተርጉም በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ ያስመለሱት ግብረ ሕማማት የሰሙኑን እያንዳንዱን ሰዓት በንባብ ይሞላዋል። ሕዝቡ ግርፋቱን፣ ጥፊውን፣ ምራቁንና ችንካሩን በጆሮው ሲሰማ፣ ሲሰግድም በጉልበቱ ሲካፈለው ኖሯል። በዐይን የሚታየው ሕማም ግን ገና ነበር።

የተሰቀለው አካል በሥዕሎቻችን ላይ እየተለመደ የመጣው ቀስ በቀስ ሲሆን በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሥዕል ራሱ የመንግሥትና የሃይማኖት ትልቅ ጉዳይ ሆነ። ንጉሡ የእመቤታችንንና የመስቀሉን ክብር በአዋጅ ሲያጸኑ፣ የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለሥላሴ ካልሆነ በቀር ለማንም አንሰግድም በማለታቸው ተገርፈዋል፣ ተወግረዋል፣ አካላቸው ተቆርጧል። አውሮፓ በሥዕል ምክንያት መሠዊያ ከማፍረሷ ከ70 ዓመት በላይ ቀድሞ እኛም የራሳችን የስግደትና የሥዕል ክርክር ነበረን፤ ሰውም ሞቶበታል። ይህን የማነሣው የአውሮፓውን የተሐድሶ ዘመን ለእኛ ባዕድ አድርገን እንዳናየው ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ መልሱ ተለያየ።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። የእንጨት ኅትመት የሚባለው ጥበብ አሠራሩ ቀላል ነው። ሠዓሊው በለሰለሰ የእንጨት ገበታ ላይ ይነድፋል። ቀራጩ በስለት ከመስመሮቹ መካከል ያለውን እንጨት እየፈለፈለ ያወጣና መስመሩ ብቻ ጎልቶ እንዲቀር ያደርጋል። በጎላው ላይ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ በማተሚያው ይጫናል። አንድ ገበታ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ይሰጣል። ጥላ የሚባለው ነገር በቀለም አይገኝም፤ መስመር ከመስመር ጎን እየተጠጋጋ ሲሄድ ቦታው ይጠቁራል። አልብረኽት ዱረር የተባለው የኑረምበርግ ሠዓሊ ይህን ጥበብ ጫፍ ካደረሱት አንዱ ነው። በ1511 ትንሹ ሕማማት እየተባለ የሚጠራውን 37 የእንጨት ኅትመት ያለበት መጽሐፍ አወጣ፤ በርእስ ገጹም ጌታ የእሾህ አክሊል እንደ ደፋ ብቻውን ተቀምጦ፣ ራሱን በእጁ ደግፎ ይታያል። በዙሪያው መስቀል የለም፤ ወታደር የለም፤ ሕዝብም የለም። ከዚያ በፊት ሀብታም በብዙ ወርቅ ለጸሎት ቤቱ ያሠራው የነበረው የሕማም ሥዕል በወረቀት ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ሕማሙ ከመሠዊያው ወርዶ ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያው የሕማም ሥዕል የክርክር መሣሪያ ሆነ። የሉተር ወዳጅ የነበረው ሠዓሊ ሉካስ ክራናኽ በ1521 በቪተንበርግ 26 ምስሎች በ13 ጥንድ የቀረቡበት ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ። በአንዱ ገጽ ጌታ በጭፍሮች እጅ የእሾህ አክሊል ሲደፋ፣ በትይዩው ገጽ የሮሙ ጳጳስ ሦስት ድርብ ዘውድ ሲጫንለት ይታያል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል። በዚያው ከተማ ዓመት ሳይሞላ ሥዕል ከአብያተ ክርስቲያናት ይውጣ የሚል ንቅናቄ ተነሣ፤ ሉተር ራሱ በ1522 ተመልሶ በስብከት አበረደው። ዙሪክ በ1524 ሥዕሎቿን አወጣች፤ በ1566 በኔዘርላንድ ሕዝቡ መጥረቢያ ይዞ ገባ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1563 በትሬንት ጉባኤ ሥዕል ለትምህርትና ለክብር ተገቢ መሆኑን አጽንታ፣ የኅትመቱን ጥበብ ለራሷ ስብከት አሰለፈችው። ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያውያን የራቀ አልነበረም፤ ዲያቆን ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ በ1534 ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። የክራናኽ የሥዕል ቤት በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ ነበር።

ኢትዮጵያም ኅትመትን ደጃፏ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቹጋል ንጉሥ በላኳቸው ደብዳቤዎች ከሐኪምና ከመሣሪያ ሠሪ ጋር ሥዕል የሚሠሩና መጽሐፍ የሚያትሙ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀዋል። የእኚህ ንጉሥ ዘመን ከተማ የነበረችው በረራ ከእንጦጦ እስከ የረር ባለው አገር ትገኝ እንደነበር የሚያመለክት ጥናት ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት በ2009 አሳትመዋል፤ ትክክለኛ ቦታዋ አሁንም ያከራክራል። ምኒልክ እንጦጦ ላይ የከተሙት የቀደሙ አባቶቻቸውን ከተማ ፍለጋ ነው የሚለው ትውፊትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የቬኒሱ ሰው ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ በኛ ስሙ መርቆሬዎስ፣ ለዓመታት ሥሏል። ስለዚህ ሥዕልና ኅትመት ወደኛ የመጡት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሰባኪዎች ስላስገቡልን ብቻ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ከእነሱ በፊት ንጉሡ ራሳቸው ጠይቀዋል።

እርግጥ ነው፣ ኅትመቱ በብዛት የመጣው በኢየሱሳውያኑ ዘመን ነው። በ1593 በአንትወርፐን የታተመው የጄሮኒሞ ናዳል የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍ በመዳብ ሰሌዳ ተጭረው የታተሙ 153 ምስሎች አሉት። በ1610 ገደማ በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ትልቅ መወደድ እንዳገኘ ክሌር ቦስክ ቲሴ የተባሉት ተመራማሪ አሳይተዋል። ሁለተኛው መጽሐፍ በ1590 እና በ1591 ሮም ውስጥ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የወጣው የዐረብኛ ወንጌል ነው። አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ ሌኦናርዶ ፓራሶሌ የቀረጻቸው 149 የእንጨት ኅትመቶች አሉበት። ይህ ሁለተኛው በኛ ሠዓሊዎች ላይ ያደረው ተጽዕኖ እጅግ ሰፊ ነው። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ የተጻፈና ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኝ አንድ ወንጌል አለ። ጁል ሌሯ የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ በ1961 ምስሎቹን ከሮሙ ኅትመት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ዝምድናቸውን በማያሻማ ሁኔታ አሳይተዋል። ብራናው የተጻፈው በ1664 እና በ1665 ገደማ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ የፈረንጆች መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ያዘዙትም በ1665 ነው። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ 30 ዓመት አልፏል፤ የፈረንጅ ትምህርት ይቃጠላል፤ በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሠዓሊ ከሮም የወጣውን ኅትመት አስቀምጦ ወንጌሉን ይስላል። ይህን ማስረጃ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። ትምህርቱንና ሥዕሉን ለይተው የሚያዩ፣ የሚወስዱትንና የሚጥሉትን የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩ ያረጋግጣልና።

የጣሉትን ለማየት የሮሙን ገጽና የጎንደሩን ገጽ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። በቴምፔስታ ሥዕል ጌታ ሲያዝ፣ ሲገረፍ፣ ሲሰቀል ትዕይንቱ በሮማውያን ሕንፃ፣ በዛፍና በሩቅ ተራራ መካከል ነው፤ ሰዎቹ ትከሻቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይታያሉ፤ ጥቅጥቅ ያሉ ጥቁር መስመሮች ጥላ ይጥላሉ። የኛ ሠዓሊ ጥላውን ያወጣዋል። ሩቁን ተራራ አንሥቶ በቦታው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ሜዳ ይዘረጋል። ጥቁርና ነጩ ኅትመት ባለ ቀለም ሲሆን የመስመሩ ብዛት ይቀራል፤ የልብስ እጥፋት ብቻ በጥቂት ጠንካራ መስመር ይነገራል። ከሁሉ የሚበልጠው እርማት ደግሞ የፊት ነው። በአውሮፓው ኅትመት ቅዱሱም ወንበዴውም እንደ ቆመበት አቅጣጫ በጎን ሊታይ ይችላል። በኛ ሥርዓት ቅዱሳን በሁለት ዐይናቸው ወደሚያያቸው ምእመን ይመለከታሉ፤ ገራፊውና ከሃዲው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን ይሳላል፤ አንድ ዐይን ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ከሮሙ ገጽ ላይ የጌታን ፊት መልሶ አዙሮታል። እየተገረፈም፣ እየተተፋበትም ወደ አንተ ያያል። ሥዕሉን ስትመለከተው አንተም ትታያለህ፤ ገራፊው ከዚያ ግንኙነት ውጭ ነው። በናዳል መጽሐፍ ምስሎቹ ላይ የላቲን ፊደላት ተበትነው ከታች ከማብራሪያው ጋር እየተዛመዱ ይነበባሉ፤ በኛ ሥዕል ግን ያን የፊደል ምልክት የተካው «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግእዝ ጽሕፈት ነው። አንባቢውን በማብራሪያ የሚመራውን የመማሪያ ገጽ የጸሎት ገጽ አደረጉት ማለት ነው።

ወደ ኵርዓተ ርእሱ ልመለስ። ዋናው ሥዕል በእንጨት ላይ በቅባት ቀለም የተሠራ ሲሆን ሊቃውንት አንዳንዶቹ ለፍላንደርስ፣ አንዳንዶቹ ለፖርቹጋል ሠዓሊ ይሰጡታል። በዚያ ሥዕል ላይ ጌታ ብቻውን ነው። ሁለቱ ቀጥቃጮች የሉም። እነሱን የጨመሩት የኛ ሠዓሊዎች ናቸው። አውሮፓዊው የሣለው ከመከራው በኋላ በዝምታ የቆመ ጌታ ነበር፤ የኛው ሠዓሊ ግን ድርጊቱን፣ የወንጌሉን ቃል፣ ራሱን በዘንግ መቱት የሚለውን መልሶ አስገባበት፤ በሰሙነ ሕማማት የሚነበበውን ንባብ በሥዕሉ ላይ አሳደረው። ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለዓመታት የሠሩት ፖላንዳዊ ምሁር፣ የዚህን ሥዕል ቅጂዎች ተከታትለው ጥናት ጽፈውበታል። ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ የሚደርስ አንባቢ በዚያ ሙዚየም የተሰበሰቡትን የእንጨት ሥዕሎች ቢያይ፣ አንድ የባሕር ማዶ ምስል በኢትዮጵያ እጆች ምን ያህል መልክ እንደሚያወጣ ያለ አስረጅ ይረዳል። አንዱ ጌታን በሰፊ ዐይን ይስለዋል፤ ሌላው የደሙን ጠብታ በተራ ያሰልፈዋል፤ ሦስተኛው ከእመቤታችን ሥዕል ጋር አጣምሮ በሚዘጋና በሚከፈት ገበታ ላይ ያኖረዋል።

አገልግሎቱም ተለወጠ። በአውሮፓ እንዲህ ያለው ሥዕል የግል ጸሎት ማድረጊያ ነበር፤ ሰው በጓዳው ተንበርክኮ ኀጢአቱን ያስብበታል። በኢትዮጵያ ኵርዓተ ርእሱ የመንግሥት ታቦት ያህል ክብር አገኘ። ነገሥታቱ ሲዘምቱ አብሮ ይዘምታል፤ መኳንንት በፊቱ ይምላሉ፤ በሥዕሉ የማለ ሰው ቃሉን ቢበላ እንደ ከሃዲ ይቆጠራል። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ሠራዊት ጋር ገጥመው ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ ጎንደር አዘነች፤ በኋላ በቤዛ ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስም ይዘውት ኖሩ። እንግሊዞች በ1868 መቅደላን ሲይዙ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሥዕሉን ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ግን አልሰጠውም፤ ለራሱ አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉ ግን እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በሆልምስ እጅ ነበር፤ በ1905 ፎቶግራፉ በአንድ የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ እስኪወጣ ድረስ ሕዝብ አላወቀም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም። አንደኛው ከሥነ ጥበብ ተማሪዎች የሚመጣ ነው፤ ይህ ሁሉ ቅጂ ከሆነ የኢትዮጵያ ሠዓሊ የራሱ ምን አለው ይላል። ሲጀመር መቅዳት በዚያ ዘመን የሁሉም ሠዓሊ ልማድ ነበር። የዱረርን የሕማማት ኅትመት ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለ ጣሊያናዊ መስመር በመስመር ቀድቶ አትሞታል፤ የአውሮፓ የሥዕል ቤቶችም የኅትመት ክምችት ይዘው ነበር የሚሠሩት። ዋናው መልስ ግን ከላይ የተባለው ነው። ቅጂ የሚባለው ሥራ ከምንጩ የሚያንሰውን ያህል ብቻ ነው የሚለየው፤ የኛዎቹ ግን ፊቱን መልሰው፣ ጥላውን አውጥተው፣ ሁለት ሰዎች ጨምረው፣ ሥዕሉን ለመሐላና ለዘመቻ አብቅተውታል። በ1738 ገደማ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይም ቦስክ ቲሴ የአውሮፓ ኅትመቶችን አሻራ አግኝተዋል። ያም ሆኖ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የተሳሉበትን ያን ግድግዳ ያየ ሰው የፈረንጅ ሥራ ነው አይልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ይመጣል፤ ከፊተኛውም ይከብዳል። የሕማም ሥዕሉ የመጣው ከካቶሊክ እጅ ከሆነ ባዕድ ትምህርት ይዞ አልገባምን? ይውጣ፣ ወደ ጥንቱ ባዶ መስቀል እንመለስ የሚል ሰው በክፋት አይደለም የሚናገረው። ነገር ግን ይህን ሥዕል የተቀበሉትና ያከበሩት እነማን እንደሆኑ ይታይ። ኢየሱሳውያንን ያባረሩ፣ መጽሐፋቸውን ያቃጠሉ፣ ለተዋሕዶ የሞቱ ሰዎች ናቸው። በቅባትና በጸጋ ክርክር ውስጥ አንዲት ቃል ሳያሳልፉ የተከራከሩ ሊቃውንት በዚህ ሥዕል ፊት ምለዋል፤ ባዕድ ትምህርት ቢያዩበት ኖሮ ዝም የሚሉ አልነበሩም። ሥዕሉን ደግሞ በግብረ ሕማማት ሚዛን መዝነውታል። ከጥንትም ስንሰማው የኖርነው ሕማም ነውና ባዕድ የሆነው ሕማሙ አልነበረም፤ ወረቀቱ ነው።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት የእንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃና ከእሷ ብዙም የማይርቀው የእንጦጦ ራጉኤል የአሮጌው ሥርዓት የመጨረሻ ምስክሮች ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ሥርዓት ሠዓሊው በአቡጀዲ ላይ ሥሎ አቡጀዲውን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ትዕይንቱን ከካህናቱ ጋር ይመክርበታል፤ አሠሪው ከታች በሥዕሉ ጥግ ይሳላል። ዛሬ በየካም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል፣ በንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የሚሸጠው፣ ከዚያም አልፎ ወደ ውስጥ እየገባ ያለው ሥዕል የወረቀትና የፕላስቲክ ፖስተር ነው። ዐይኑ ሰማያዊ፣ ጸጉሩ ወርቅማ፣ ሕማሙ በፎቶግራፍ ብርሃን የተለሰነ ጌታ ነው። ኅትመት መሆኑ አያስቀይመኝም፤ ዱረርም ኅትመት ነው፤ ናዳልም ኅትመት ነው። የሚያስቀይመኝ ከማተሚያው ወደ ግድግዳው ሲሄድ መካከል ላይ የኛ እጅ አለመኖሩ ነው። በጎንደር ዘመን ኅትመቱ መነሻ ነበር፤ አሁን መድረሻ ሆነ። ፊቱን የሚመልስ፣ ገራፊውን ከቅዱሱ የሚለይ፣ «ዘከመ» ብሎ የሚጽፍበት ሰው የለም። ድሃው ምእመን በርካሽ ዋጋ ሥዕለ አድኅኖ ቤቱ ማስገባቱ ትክክል ነው፤ የዱረርም ዘመን ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነበር። እንዲያውም የኛ ሠዓሊ የሣለው ለዚያ ድሃ ይታተምለት ነው የምለው። የድሮውን የአቡጀዲ ሥዕል በጉምና በዝናብ መካከል ጣሪያው እያፈሰሰበት ትተን በላዩ ፖስተር የምንለጥፍ ከሆነ ግን ሁለቱንም እናጣለን።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ላስታውስ። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ካርል ሃይንዝ ሃንሰን ባሂያ የተባለ ጀርመን ተወላጅ የእንጨት ኅትመት ባለሙያ አስተማሪ ነበረው፤ የዱረር አገር ጥበብ በቀጥታ አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ዘሪሁን ያን ስለትና ገበታ ይዘው የፈረንጅ ሥዕል አልሠሩም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የክታብ ምልክት የሚታወቅበትን የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩበት፤ በ1992ም በዳካር ቢየናሌ ታላቁን ሽልማት አገኙ። በጀርመን ኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጎልጎታ ብለው በሣሉት ሥራ የስቅለቱን ነገር እስከ ቀለሙ ድረስ አወረዱት፤ ቀዩ ራሱ ሕማም ሆነ። ሥራው ለጸሎት የተሠራ አይደለም፤ ቤተ መቅደስ ይግባም አልልም። ነገር ግን የ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊ ያደረገውን፣ ተቀብሎ ማረምን፣ በዘመናችንም ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

የመጨረሻው ነገር ራሱን ኵርዓተ ርእሱን ይመለከታል። ሥዕሉ ሆልምስ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ ወደተባለ ፖርቹጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ፖርቹጋል ውስጥ በግል እጅ ነው። የሠራው አውሮፓዊ ከሆነ ለምን ለኢትዮጵያ ይመለሳል የሚል አለ። ለዚህ መልሱ ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ነው። ፍላንደርስም ሆነ ፖርቹጋል እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን በብዛት ሠርተዋል፤ የአንዱን ስም አውቆ የሚጠራ፣ ሲማረክ የሚያለቅስ፣ በቤዛ የሚያስመልስ፣ በስሙ የሚምል ሕዝብ ግን አንድ ብቻ ነው። የሥዕሉን ዋጋ የሰጠው በእንጨቱ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ንጉሠ ነገሥት ለንግሥት ደብዳቤ ባልጻፉለት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ያቀረቡት ጥያቄ ግማሹ ብቻ ተመልሷል፤ የቀረውን ግማሽ መጠየቅ ዛሬም የመንግሥትና የቤተ ክህነት ሥራ ነው።